የሚታሽ ሊጥ፣ የማይነካ ሊጥ

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ማለዳ ተነስታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቁርስ ሳትቀምሱ የመጣችሁ እንዳላችሁ ፊታችሁ ይናገራል፤ አይዟችሁ፣ ሳንቀማመስ አንለያይም።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች አሉ። በሁለቱም ያለው ከአንድ ከረጢት የተጨለፈ ነጭ የስንዴ ዱቄት ነው። በመጀመሪያው ላይ 10 ደቂቃ ሙሉ እታገላለሁ። ሁለተኛውን ግን በማንኪያ አሥር ጊዜ ያህል አዙሬ፣ ዱቄቱ እዚህም እዚያም ጓጉሎ እያየሁት እተወዋለሁ። የመጀመሪያው ዳቦ ይሆናል፣ ሁለተኛው ፓንኬክ። ነገሩን ብገለብጠው፣ ማለትም የዳቦውን ሊጥ ሳይታሽ ወዲያው ብጋግረው፣ የፓንኬኩን ደግሞ 10 ደቂቃ ባሸው፣ ከአንዱ ጡብ ከሌላው ጎማ ይወጣል። ቤት ውስጥ መጋገር የሚጀምሩ ብዙ ሰዎች የሚበላሽባቸው እዚህ ላይ ነው። መጠኑን በትክክል ለክተው ሳለ፣ እጃቸውን መቼ እንደሚያስገቡና መቼ እንደሚሰበስቡ የነገራቸው የለም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህንኑ ልነግራችሁ ነው።

ምክንያቱ ዱቄቱ ውስጥ አለ። ስንዴ ግሉተኒንና ግላያዲን የሚባሉ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች አሉት። ዱቄቱ ደረቅ ሳለ አይገናኙም፤ ውኃ ሲነካቸው ግን ይያያዙና ግሉተን የምንለውን መረብ ይሠራሉ። ግላያዲን ሊጡ እንዲለጠጥ ያደርጋል፣ ግሉተኒን ደግሞ የተለጠጠው ተመልሶ እንዲሰበሰብ። ባሸነው ቁጥር መረቡ ይጠብቃል። ዳቦ ውስጥ መረቡ እንዲጠነክር እንፈልጋለን፤ እርሾው የሚያወጣውን አየር አቅፎ የሚይዘው እሱ ነውና። ፓንኬክና ማፊን (በትንንሽ ቅርጽ የሚጋገር ኬክ) ውስጥ ግን ያው መረብ ለስላሳ መሆን የነበረበትን ነገር ጥርስ የማይበግረው ያደርገዋል። የሩዝ ወይም የበቆሎ ዱቄት እንደ ስንዴ የማይነፋው ይህ መረብ ስለሌለው ነው።

ከዳቦው እንጀምር። እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንድ ቀመር ብቻ ነው፦ 500 ግራም ዱቄት፣ 325 ግራም ውኃ፣ 10 ግራም ጨው፣ 5 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ። ዳቦ ጋጋሪዎች ይህን የሚያስቡት በመቶኛ ነው። ዱቄቱ ምንጊዜም 100 ነው፤ ውኃው 65፣ ጨው 2፣ እርሾ 1። ይህን ከያዛችሁ ቤት ያለው ዱቄት 300 ግራም ብቻ ቢሆን እንኳ ሒሳቡን ራሳችሁ ትሠራላችሁ፦ 195 ውኃ፣ 6 ጨው፣ 3 እርሾ።

ውኃን በግራም ስለካ የተገረማችሁ አላችሁ። 1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ግራም ስለሚመዝን ሁሉንም በአንድ ሚዛን ላይ ማድረግ ይቻላል። ለመጋገር ከሚገዛ ዕቃ ሁሉ ሚዛንን አስቀድሙ። አንድ ኩባያ ዱቄት ተነፍቶ ቀስ ብሎ በማንኪያ ሲሞላ 120 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ኩባያው ራሱ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ሲጨለፍበት 150 ሊደርስ ይችላል። ያው ሰው በዚያው ኩባያ ዛሬ የላላ፣ ነገ የደረቀ ሊጥ ያቦካና ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል።

እርሾ ሕይወት አለው። አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፈንገስ ነው፤ ስኳር ይበላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አልኮል ያወጣል። የሚያፈላው ሕያው እርሾ መሆኑን ሉዊ ፓስተር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ታላላቅ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ነገሩ ሕይወት የሌለው ሂደት ነው ብለው ይከራከሩ ነበር። ሰው ግን ምንነቱን ሳያውቅ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲያቦካበት ኖሯል።

ሕይወት ያለው ነገር ደግሞ ይሞታል። ሙቀቱ 55 ወይም 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እርሾ አይተርፍም። እኔ ስጀምር «ለብ ያለ ውኃ» ማለት ከእሳት ወርዶ ትንሽ የቆየ ውኃ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ጊዜ አቦካሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሊጡ ንቅንቅ ሳይል ቀረ። «ለዳቦ እጅ የለኝም» ብዬ ከአንድ ዓመት በላይ ተውኩት። ያን ዓመት ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል። እጄ ምንም አልነበረበትም፤ እርሾውን ገድዬው ነበር። ከመካከላችሁ እንዲሁ ብሎ የተወ ካለ፣ እባካችሁ ያንን ፍርድ ዛሬ አንሡት።

ውኃውን በእጃችሁ አንጓ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብ አድርጉት፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማችሁ ልክ ነው። ፈጣኑ እርሾ በቀጥታ ከዱቄቱ ጋር ይገባል። ፍሬው ተለቅ የሚለው ሌላው ደረቅ እርሾ ግን አስቀድሞ በ40 ዲግሪ ገደማ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ አረፋ ካላወጣ ሞቷል፣ ዱቄት አታባክኑበት። ስኳር መጨመር ግዴታ አይደለም። ዱቄቱ ውስጥ ያሉት ኤንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር እየለወጡ እርሾውን ይቀልቡታል። ጨውን ግን አትርሱ። ጨው ለጣዕም ብቻ የሚገባ አይደለም፤ መረቡን ያጠብቃል፣ እርሾውንም ከመጠን በላይ እንዳይፈጥን ይይዘዋል። ጨው የተረሳበት ሊጥ ቶሎ ይነሣና ቶሎ ይዝላል።

አሁን እጃችንን እናስገባ። ፈረንሳዊው የዳቦ መምህር ሬይሞን ካልቬል ያስተማሩት ዘዴ አለ፤ ዱቄቱንና ውኃውን ብቻ አደባልቆ 20 ወይም 30 ደቂቃ መተው። በዚያ ጊዜ ዱቄቱ ውኃውን ጠጥቶ መረቡ ያለ እኛ መሠራት ይጀምራል። ከዚያ እርሾውንና ጨውን ጨምራችሁ ስታሹ የሚጠብቃችሁ ድካም ይቀንሳል። ማሸት ማለት በመዳፍ ወደፊት መግፋት፣ ማጠፍ፣ ሩብ ዙር ማዞር፣ እንደገና መግፋት ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሊጡ ጣት ላይ ይለጠፋል። እዚህ ላይ ሰው ይደነግጥና ዱቄት ይነሰንሳል፤ አሁንም ይለጠፍበታል፣ አሁንም ይነሰንሳል። በለካው ውኃና ባልለካው ዱቄት መካከል ቀመሩ ጠፋ ማለት ነው። እጃችሁን በውኃ አርጥቡና ቀጥሉ፤ ከ7 ወይም ከ8 ደቂቃ በኋላ ሊጡ ራሱ እጃችሁን ይለቃል። መድረሱን ለማወቅ እንቁላል የሚያህል ቆርሳችሁ በሁለት እጅ ቀስ እያላችሁ ለጥጡት። ሳይቀደድ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ በቅቷል።

ከዚህ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። ሸፍናችሁ ኩፍ እስኪል ተዉት። የክፍሉ ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ከሆነ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል፤ ቤቱ ቀዝቀዝ ካለ ሁለት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍ ባለ አገር የምትኖሩ ደግሞ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ሊጡ ፈጥኖ ይነሣባችኋል፤ እርሾውን ቀነስ አድርጉ። ዓይናችሁ ከሰዓቱ ይልቅ በሊጡ ላይ ይሁን፤ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ደርሷል። እዚያ ጥግ ላይ በፎጣ የተሸፈነውን የምታዩት እናንተ ከመግባታችሁ በፊት ያቦካሁት ነው፤ እጥፍ ከሆነ በኋላ ድቡልቡል ተደርጎ አሁን ሁለተኛው ዕረፍት ላይ ነው። እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ ያልኩትን የሚቃወም የሚመስል አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከመጋገር ትምህርት ሁሉ ደስ የሚለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጂም ላሂ የተባለ የኒው ዮርክ ዳቦ ጋጋሪ ፈጽሞ የማይታሽ ዳቦ አሠራሩ በአንድ ታላቅ ጋዜጣ ወጥቶ በብዙ አገር ቤቶች ውስጥ ተጋገረ። 400 ግራም ዱቄት፣ 300 ግራም ውኃ፣ 8 ግራም ጨው፣ 1 ግራም እርሾ። ይህን በማንኪያ አደባልቃችሁ፣ ከድናችሁ፣ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ትተዉታላችሁ። ሌላ ምንም የለም። ሊጡ በጣም ርጥብ በመሆኑና ጊዜው ረጅም በመሆኑ፣ አረፋዎቹ እየገፉት መረቡ ራሱን ይሠራል። እጃችን በ10 ደቂቃ የሚሠራውን ሌሊቱ ይሠራዋል። የመረቡ ጉዳይ ግን አልተለወጠም፤ ዳቦ ያለ እሱ አይቆምም፣ የተለወጠው ሠሪው ብቻ ነው። ክንዳቸው ለሚያማቸው፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውሉ ሰዎች ይህን ዳቦ በጣም እመክራለሁ። ማታ አደባልቆ መተኛት ነው። በማግስቱ ሊጡን አጣጥፋችሁ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ካሳረፋችሁት በኋላ፣ ኦቨን ውስጥ በ230 ዲግሪ በጋለ ከባድ ድስት ውስጥ አስገብታችሁ፣ 30 ደቂቃ በክዳን፣ ከዚያ ክዳኑን አንሥታችሁ 15 ደቂቃ ያህል ትጋግሩታላችሁ።

ድስቱ የሚያስፈልገው ለእንፋሎቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሊጡ ገጽ ርጥብ ሆኖ ከቆየ ዳቦው እንደልቡ ይነፋል፤ ቶሎ ከደረቀ ግን ቅርፊቱ ይቆልፈዋል። ድስት የማትጠቀሙ ከሆነ ከታች ባለው መደርደሪያ ላይ በጋለ ትሪ የፈላ ውኃ አፍስሱ፤ እንፋሎቱ እጅ እንዳያቃጥል ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ቀመራችን በ220 ዲግሪ 35 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ቅርፊቱ የሚጠቁረውና የዳቦ ሽታ ቤቱን የሚሞላው ስኳርና የፕሮቲን ክፍሎች በሙቀት ሲዋሐዱ ነው፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር በመሆኑ ሂደቱ በስሙ ይጠራል። ብዙ ጀማሪ ዳቦው ገና ሐመልማል ወርቅ ሲመስል ያወጣዋል። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ግን ትንሽ ድፈሩ፤ ጣዕሙ ያለው ጠቆር ከሚለው ላይ ነው። ገልብጣችሁ ከሥሩ ስታንኳኩት ባዶ ሣጥን እንደመምታት ድምፅ ከሰጠ በስሏል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሐሉ ከ93 እስከ 96 ዲግሪ መድረሱን ይይ።

«ኦቨን የለኝም» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ሊጡን ከፍላችሁ፣ ሁለት ጣት ያህል አሳስታችሁ፣ ወፍራም መጥበሻ ላይ ክዳን ደፍታችሁ በዝቅተኛ እሳት አንዱን ገጽ ከዚያም ሌላውን ጋግሩ። በሰሜን ምሥራቅ ዮርዳኖስ ሹባይቃ በሚባል ሥፍራ ከምድጃ ውስጥ የተገኘ የከሰለ የቂጣ ፍርፋሪ 14,400 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቀዋል። የጋገሩት አድነውና ለቅመው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ እርሻ ገና አልተጀመረም። ስለዚህ ኦቨን አለመኖሩ አያግዳችሁ።

ዳቦው ሲወጣ እንደገና እጃችሁን ሰብስቡ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ ስታርቹ ገና እየረጋ ስለሆነ ትኩሱን ከቆረጣችሁት ውስጡ ጥሬ ሊጥ መስሎ ቢላዋ ላይ ይጣበቃል። ፍሪጅ ውስጥም አታስቀምጡት። ዳቦ የሚደርቀው ውኃው ተንኖ ብቻ ይመስለናል፤ ዣን ባፕቲስት ቡሲንጎ ግን እ.ኤ.አ. በ1852 ዳቦ ምንም ውኃ ሳያጣም እንደሚያረጅ አሳይቷል። ስታርቹ መልሶ ስለሚጠነክር ነው፤ ይህ ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ይፋጠናል። በሁለት ቀን የማያልቅ ከሆነ ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት፣ እዚያ ሂደቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ያረጀውም ሲሞቅ ለጊዜው ይለሰልሳል።

ወደ ሁለተኛው ሳህን እንለፍ። 150 ግራም ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። በሌላ ዕቃ 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 1 እንቁላልና 30 ግራም የቀለጠ ቅቤ መትቻለሁ። እርጥቡን በደረቁ ላይ አፈስሳለሁ፤ ተመልከቱኝ፣ እያዞርኩ ነው… ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። በቃ። ጓጉሏል፣ አያችሁት? እጃችሁ «ትንሽ ልምታው» እያለ እንደሚበላችሁ አውቃለሁ። አትምቱት። 10 ደቂቃ ሲያርፍ ዱቄቱ ወተቱን ይጠጣል፣ ጉጉሉም መጥበሻው ላይ ይጠፋል። ለዳቦ ያመሰገንነው መረብ እዚህ እንዳይነሣ ነው የምንጠነቀቀው።

አየሩን የሚሰጠን ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ ቤኪንግ ሶዳና ደረቅ አሲድ ከስታርች ጋር ተቀላቅለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 የሠራው አልፍሬድ በርድ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ሲሆን ያነሣሣውም ሚስቱ እርሾ ያለበት ምግብ ስለማይስማማት ነበር። ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራ ነገር ዛሬ በየኩሽናው መኖሩ ሁሌም ልቤን ይነካዋል። ዛሬ የምንገዛው በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ከፊሉ እርጥበት ሲነካው፣ ቀሪው ሲሞቅ። ቤኪንግ ሶዳ ብቻውን ግን እንደ እርጎ ያለ ኮምጣጣ ነገር ካላገኘ የሳሙና ጣዕም ይሰጣል፣ አንዱን በሌላው አትተኩ። ቤኪንግ ፓውደራችሁ ካረጀ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጨምሩት፤ በኃይል ካልፈላ ጣሉት።

መጥበሻው በመካከለኛ እሳት ይሙቅ። ከላይ የሚታዩት አረፋዎች ፈንድተው ቀዳዳቸው ክፍት ሆኖ ሲቀር ገልብጡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። በጭልፋ አትጫኑት፣ የደከምንበት አየር ይወጣል። የመጀመሪያው ፓንኬክ ብዙ ጊዜ አያምርም፤ የእሳቱን ልክ የሚነግራችሁ ግን እሱ ነው።

ማፊንም ሕጉ ያው ነው። 250 ግራም ዱቄት፣ 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 100 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ 240 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በ200 ዲግሪ 20 ደቂቃ። ስትቆርጡት ውስጡ ረጃጅም ዋሻ ካለው ከልክ በላይ አዙራችሁታል። ሙዝ፣ ዘቢብ፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ያሻችሁን ጨምሩበት።

የማታውን ሊጥ ለጠዋት ቁርስ ማድረግም ይቻላል፤ ቤቴ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የምወደው ይህንን ነው። የመጀመሪያውን ቀመር በውኃው ፈንታ በወተት አቡኩ፣ እርሾውን በግማሽ ቀንሱ። ማታ ኩፍ ካለ በኋላ ዳምጣችሁ፣ ለስላሳ ቅቤ፣ ስኳርና ቀረፋ ቀብታችሁ፣ ጠቅልላችሁ ቁረጡት፤ ትሪ ላይ ደርድራችሁ፣ ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ቅዝቃዜ እርሾን አይገድለውም፣ ያዘገየዋል እንጂ፤ በዚያ ዝግታ ውስጥ ጣዕም ይጨምራል። ጠዋት አውጥታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ካቆያችሁት በኋላ በ200 ዲግሪ 20 ደቂቃ ገደማ ጋግሩት። ልጆች በሽታው ብቻ ከአልጋ ይነሣሉ። ያረጀ ዳቦ ካላችሁ ደግሞ 2 እንቁላልና 120 ሚሊ ሊትር ወተት መትታችሁ አራት ቁራጭ ንከሩበትና በቅቤ ጥበሱ። ለዚህ ትኩስ ዳቦ አይሆንም፣ ይፈርሳል፤ ያረጀው ነው የሚመረጠው።

ሙሉ የስንዴ ዱቄት ይሆናል ወይ ላላችሁኝ፣ ይሆናል። ገለባው ግን መረቡን እየቆራረጠ ስለሚያዳክመው ውኃም አብዝቶ ስለሚጠጣ፣ በመጀመሪያ ከነጩ ሩብ ያህሉን ብቻ ተኩበት፣ ውኃውንም ትንሽ ጨምሩ። ልጆች አብረዋችሁ ሲያቦኩ ጥሬ ሊጥ እንዳይቀምሱ ከልክሉ፤ ጥሬ ዱቄት ውስጥ ሆድ የሚያሳምሙ ጀርሞች ሊኖሩ ይችላሉ።

አንድ ልመና አለኝ። ይህን አንድ ዳቦ ቢያንስ አምስት ጊዜ ሳትጋግሩ ወደ ሌላ አትሂዱ። በየጊዜውም አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ዛሬ ውኃውን፣ በሚቀጥለው የማረፊያውን ጊዜ። ሦስት ነገር ባንዴ የለወጠ ሰው ዳቦው ቢያምርለትም ለምን እንዳማረ አያውቅም።

በሉ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ወደ ጥጉ ኑ። ፎጣውን አንሡት። ዱቄት የነካ ጣታችሁን ግማሽ አንጓ ያህል ሊጡ ላይ ተጫኑና ልቀቁ። ወዲያው ፈንጠር ብሎ ከተመለሰ ገና ነው፤ ጨርሶ ካልተመለሰ አልፎበታል። ቀስ ብሎ፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት አስቀርቶ ከተመለሰ… አዎ፣ እንደዚህ። ኦቨኑን ክፈቱልኝ።